የማንግሮቭ ዕቅድ ለቦርደዴ

ጥር 14፣ ማክሰኞ

ዛሬም ውሃ አልመጣም። የኬሚስትሪ መምህራችንም አልመጣም። ሁለቱም በፈረቃ የገቡ ይመስለኛል።

የመጣው አባዬ ብቻ ነው። ከሞምባሳ! ዘንባባ የተሳለበት ሸሚዝ ለብሶ ከባጃጅ ሲወርድ ጎረቤቱ ሁሉ በር በሩ ላይ ወጣ። እዚህ ሰፈር ደጀን የሚባለው ሰው የሚታወቀው በቡናማ ሹራቡ ነው... በጥርም በሐምሌም። ሰዉ እንግዳ የመጣ መስሎት ቤት ሊያሳየው ነበር።

ቸኮሌት ስጠብቅ ሰርተፊኬት አወጣ። «የማንግሮቭ ጥበቃ ዕቅድ ዝግጅት» ይላል። ማንግሮቭ ማለት ባሕር ጠርዝ ላይ፣ ጨው ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚበቅል ዛፍ ነው አሉ። ሥሩ ከውሃው በላይ እንደ ሸረሪት እግር ይታያል። ማዕበል ይመክታል፣ ዓሣ ከሥሩ ይራባል፣ ወፍ ከላዩ ይሰፍራል። አባዬ ይህን ሁሉ ጫማውን ሳያወልቅ ነገረን።

እማዬ እስኪጨርስ ሻንጣውን ስትፈታ ቆየች። ከዚያ...

«ደጀን፣ ጭሮ ላይ ባሕሩ በየት በኩል ነው?»

«ብርነሽ፣ ዕውቀት ነው እኮ።»

«አይ፣ የዋና ልብስ ልግዛ ብዬ ነው።»

እናቴ ነርስ ናት። የምትወጋው ግን ሥራ ቦታ ብቻ አይደለም።

ለምን እሱ ተላከ? ግብዣው ሲመጣ የአለቃው የአቶ ኃይለየሱስ ፓስፖርት ጊዜው አልፎ ነበር። የዞኑ ደን መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ፓስፖርት ያለው አባዬ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ምዕራብ ሐረርጌ የማንግሮቭ ባለሙያዋን ያገኘችው በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ነው።

ጥር 17

ጉድ መጣ። የሠለጠነ ሰው ስልጠናውን «ማውረድ» አለበት። ከላይ የሰማኸውን ለወረዳ፣ ወረዳው ለቀበሌ፣ ቀበሌው ለነዋሪው። ስልጠና ካልወረደ እንዳልተሰጠ ነው የሚቆጠረው። ስለ ምን እንደሆነማ ማን ይጠይቃል?

አቶ ኃይለየሱስ ዛሬ ደወሉ። አባዬ ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲሰማ አድርጎ ነው የሚያወራው፣ ጆሮው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን እኛ እንድናከብረው።

«ደጀን፣ ስንት ሄክታር ማንግሮቭ አለን?»

«እ... የለንም እኮ አቶ ኃይለየሱስ።»

«የለንም ተብሎ ሪፖርት አይጻፍም። በሂደት ላይ ነው በል።»

«እሺ።»

«ስልጠናውን ለቦርደዴ አውርድ። ቆላ ነው፣ ለባሕር እሱ ይቀርባል።»

«እሺ።»

አባዬ ለአለቃ ከ«እሺ» ሌላ ቃል አያውቅም። እኔ ስወለድ አዋላጇ «ሴት ናት» ስትለው «እሺ» ያለ ሰው ነው።

ጥር 23

ልምምድ ጀምሯል። ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሞ፣ የዘንባባ ሸሚዙን ለብሶ፣ የመጋረጃውን ዘንግ ይዞ።

«የተከበራችሁ የቦርደዴ ነዋሪዎች! ባሕር ሲቆጣ ማን ይመክተዋል?»

ቁም ሳጥኑ አልመለሰም። ታዲያ በበሩ ስንጥቅ ቀረጽኩት። ምን ላድርግ? እንዲህ ዓይነት ነገር በየቀኑ አይገኝም። የማዕበል ድምፅ ጨመርኩበት፣ የመርከበኛ ቆብ ደፋሁለት፣ «አድሚራል ደጀን» ብዬ ጻፍኩበት። ለነስሪን ብቻ ላክሁላት።

ለነስሪን ብቻ... ልክ ለሬዲዮ ጣቢያ ብቻ ነገርኩ እንደማለት።

ጥር 26

ከተማው ሁሉ አየው። ጫት ተራ ያለው ባጃጅ ነጂ ከሩቅ፣ «የአድሚራሉ ልጅ! መርከቡ መቼ ነው ሚገባው?» አለኝ። የሒሳብ መምህራችን እንኳ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነስሪን «ዋላሂ ይዲ፣ ሆዴን አመመኝ» እያለችኝ ዴስኩ ላይ ተደፋች። ነስሪን የቦርደዴ ልጅ ናት፣ እዚህ ከአክስቷ ጋር ሆና ነው የምትማረው። ስትስቅ መቆሚያ የላትም።

ያላየው አባዬ ብቻ ነው። የእሱ ስልክ ቁልፍ ያለው ነው፤ መብራት ያበራል፣ ይደውላል፣ አበቃ። እግዜር ይመስገን።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

ቦርደዴ ሄድኩ። አባዬ ለማውረድ፣ ነስሪን ቤተሰብ ለመጠየቅ፣ እኔ ለመዝናናት። ከጭሮ በሚኒባስ ቁልቁል... ሚኤሶ ስንደርስ ሹራብ ወለቀ፣ አሰቦትን ስናልፍ ወሬ ቆመ፣ ቦርደዴ ስንገባ ነፍስ ብቻ ቀረ። ሙቀቱ!

ስልጠናው ግራር ጥላ ስር ነበር። ሽማግሌዎች ዱላቸውን አስደግፈው ተቀመጡ። አባዬ የማንግሮቭ ፎቶ ዘረጋ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ፦

«ይሄ ዛፍ... ግመል ይበላዋል?»

ልስቅ አፌን ይዤ አባዬን አየሁት። እሱ እቴ፣ አልደነገጠም።

«ይበላዋል። አንዳንድ አገር ግመሉ ባሕር ውስጥ ገብቶ ነው የሚበላው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «አጃኢባ!» ተባለ። ከዚያ በኋላ ሙሉ ሰዓት ስለ ግመል ብቻ ተወራ። ማንግሮቭ ተረሳ፣ ስልጠናው ግን ወረደ።

ከዚያ የነስሪን አያት ኦቦ ሐሰን ቤታቸው ወሰዱን። ቤቱ ያለው ወንዙ መታጠፊያ ላይ ነው። ወንዝ ስል... አሸዋ ነው። ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው ወንዝነቱ ትዝ የሚለው። ዳር ዳሩን ግን ግራርና ቁርቁራ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ቀፎ ተሰቅሎበታል፣ ፍየል ተኝቶበታል፣ ጅግራ ይጮህበታል።

ኦቦ ሐሰን «አንተ» ብለው ነው የሚያወሩት፣ ለአለቃም ለሕፃንም። «ደጀን፣ እናንተ የሚከለል ቦታ እየመረጣችሁ ነው አሉ። ይሄን ካልመረጣችሁ ለአብዱላሂ ይሰጣል። አሸዋ ነጋዴው ነው። መኪናው የሚዞርበት ቦታ ፈለገ። ዛፉን ይቆርጣል። ክረምት ጎርፍ ሲመጣ እኛ ቤት ነው የሚያድረው።»

ነስሪን አትስቅም ነበር። እንዲህ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

አባዬ ደግሞ ዛፎቹን ትኩር ብሎ እያየ ቆመ። ብዙ ቆመ። ፀሐይ መታው መሰለኝ።

የካቲት 3

በሚኒባስ ስንመለስ ጠየቅሁት።

ነገሩ ይሄ ነው። ከሞምባሳው ስልጠና ጋር ገንዘብ ተሰጥቷል፤ ቦታ አጥሮ፣ ጠባቂ ቀጥሮ ለመከለል። ማንግሮቭ ከሌለ ያለውን ጫካ ተባለ። አቶ ኃይለየሱስ በአሰቦት በኩል ያለውን ገደል መርጠዋል። አጋዘን አለው፣ የወፍ መዓት አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው የለበትም። ሰው ከሌለ ክርክር የለም። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ወደ ጭሮ ለምሳ።

«ታዲያ የነስሪን አያት ቤትስ?»

«እሱ... ዕቅዱ ውስጥ የለም።»

«ለምን አታስገባውም?»

መስኮት መስኮቱን አየ። መስኮት ማየት የሚወድ ሰው ነው።

የካቲት 12

ምሳ አልበላንም። የምሳው ሽንብራ ካርታ ላይ ስለዋለ!

አባዬ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ካርታ ዘርግቶ ምስርና ሽንብራ እየደረደረ አገኘነው። እማዬ አንዴ ጮኸች፣ ከዚያ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔም።

ምስሩ አውሬውና ወፉ ነው። ሽንብራው ሰው ከዛፉ የሚያገኘው... ማር፣ መኖ፣ ጎርፍ መከላከያ። ገደሉ ላይ ምስር ተቆልሏል፣ ሽንብራ ግን ሁለት ሦስት ፍሬ። ወንዙ መታጠፊያ ላይ ሽንብራ ተቆልሏል፣ ምስርም አለ፣ ጅግራዎቹ ናቸው።

«ገደሉን ብቻ ብከልል አውሬው ተረፈ፣ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ወንዙን ብቻ ብከልል ደግሞ አጋዘኑ አለቀ። ሞምባሳ ያስተማሩን ለየብቻ አትቁጠሩ ነው። አንድ ላይ ቁጠሩ።» አጥሩን በክር አሳየን። የገደሉን ጠርዝ ጠበብ አደረገና የተረፈውን ክር ወንዙ ዳር አዞረው። «እዩ። ከምስሩ ትንሽ ነው የወደቀብን። ከሽንብራው ግን አብዛኛውን ያዝን። ክሩ ያው ክር ነው።»

ክሩን አየሁት። ሽንብራውን አየሁት።

ገባኝ! በጣም ተናደድኩ። ለሳምንታት የሳቅሁበት ነገር ትርጉም ያለው ሆኖ ሲገኝ እንዴት ያናድዳል!

እማዬ፣ «ለአለቃህ እንዲህ አድርገህ አስረዳው» አለችው።

«እ... ሁለት ቦታ ለሪፖርት አይመችም ይላሉ።»

«ሽንብራውን ይዘህ ሂድ። ካልገባቸው ይቆርጥሙት።»

የካቲት 20

አባዬ አቶ ኃይለየሱስን በስልክ ሲያወራ «እሺ» ሳይል ዘጋ። እማዬ ሙቀት መለኪያ አመጣች።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ ዕቅዱ የሚቀርብበት ስብሰባ ነበር። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ። የየመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ተጠርቶ።

አባዬ መጣ። ጫማውን አወለቀ። «በልቻለሁ» አለ። አልበላም።

እማዬ ጓዳ ጠርታ ነገረችኝ። አብራው የምትሠራ ሴት እዚያ ነበረች። አባዬ ገና «ባሕር ሲቆጣ...» ሲል ከኋላ አንዱ ስልኩን ከፈተ። የማዕበል ድምፅ። ያው ያ ቪዲዮ። አዳራሹ ፈረሰ አሉ በሳቅ። አቶ ኃይለየሱስ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቆሞ ጠበቃቸው። ሲጨርሱ ካቆመበት ቀጠለ።»

ቀጠለ? አባዬ?

«ማን እንደቀረጸው አውቋል» አለችኝ እማዬ። «የእኛን ቁም ሳጥን ያየ ሰው ሌላ ማን አለ?»

መጋቢት 4

ቪዲዮውን አጠፋሁት። ከኔ ስልክ ጠፋ። ከተቀረው ሐረርጌስ?

ጠዋት በር ላይ ጠበቅሁት። የሚባል ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ምላሴ ለቀልድ ካልሆነ አይሠራም መሰለኝ።

«አባዬ... ያ ነገር...»

«ቆቡ ጥሩ ነበር» አለኝ። «ትንሽ ጠቦኛል።»

ወጣ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ! ቁጣ መልስ አለው፣ እልህ እጋባለሁ። ይሄን ምን ላድርገው?

መጋቢት 8

ውሳኔ አልተሰጠም። ሕጉ ነዋሪው ይወያይበት ስለሚል ለመጋቢት 21 ቦርደዴ ላይ ስብሰባ ተጠርቷል። ነስሪን ግን ተስፋ የላትም። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ አራት አምስት ሰው ይመጣል፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ እጅ ያወጣል፣ አለቀ። አቶ ኃይለየሱስም ያውቁታል። ለስላሳው ታዟል።

«አቦ ተይኝ» አለች ነስሪን ላጽናናት ስሞክር። «ያንቺ አባት ተስቆበት አበቃ። የኔ አያት ግን የት ይሄዳል?»

ያለ አንድ ቀልድ እስከ አክስቷ ቤት ሸኘኋት። ለኔ ይህ ብርቅ ነው።

መጋቢት 21፣ ቅዳሜ

ቶሎ ልጻፍ።

ቦርደዴ ስንደርስ የቀበሌው አዳራሽ ደጅ ሰው ሰው ሆኗል። ግመል ጠባቂው፣ ሻይ ሻጯ፣ ሹፌሩ፣ ከጉምቢ በእግሩ የመጣው። ለስላሳው ለአንድ ወንበር ረድፍ እንኳ አይበቃም። አቶ ኃይለየሱስ ከመኪናው ወርደው፣ «ምንድነው፣ ለቅሶ አለ?» አሉ።

ለቅሶ አይደለም። ቪዲዮው ቦርደዴም ደርሷል! ሕዝቡ የመጣው «የባሕሩን ሰውዬ» ሊያይ ነው። አንዱ ጎረምሳ አባዬን እንዳየው፣ «ቆቡስ?» ብሎ ጮኸ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አቶ ኃይለየሱስ ተነሡ። ስለ ገደሉ አወሩ። ማንም አልሰማቸውም። ከዚያ አባዬ ተነሣ፣ አዳራሹ ጸጥ። ለመሳቅ ነው ጸጥ ያለው፣ ግን ጸጥታ ጸጥታ ነው።

ስለ ባሕር አላወራም። ካርታውን መሬት ላይ አነጠፈና ምስርና ሽንብራውን አፈሰሰ። ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ከበበው። ኦቦ ሐሰን እየተረጎሙለት፣ እያረሙት፣ እየተነታረኩት። አንዱ ሽማግሌ «የኔ ቀፎ ነው» ብሎ ሽንብራ ጨመረ። ሌላው ቀንቶ የራሱን ደረበ። ሴቶቹ «የእኛ ፍየሎችስ?» ብለው ተቆጡና እነሱም ጨመሩ። የወንዙ መታጠፊያ የሽንብራ ክምር ሆነ።

አብዱላሂ አሸዋ ነጋዴው ፈገግ እያለ ተነሣ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ያ ነው ችግሩ። «ወንድሞቼ፣ የምትሠሩት ቤት ሁሉ አሸዋ ይፈልጋል። መኪናዬ በአየር ይዙር?»

እውነቱን ነው። አዳራሹ ተንጫጫ።

አባዬ፣ «ከላይ ያለውን መታጠፊያ ውሰድ። ዛፉ ሳሳ ያለ ነው፣ ከስሩ ቤት የለም» አለ። «የታችኛውን ተው።»

አቶ ኃይለየሱስ በጆሮው፦ «ደጀን፣ ይሄ አልተነጋገርንበትም። ተቀመጥ።»

አባዬ አልተቀመጠም።

እጅ ይውጣ ተባለ። ለገደሉ ብቻ... ከሹፌራቸው ጋር ጥቂት። ለክሩ፣ ማለቴ ለአባዬ ዕቅድ... አዳራሹ በሙሉ። «ቆቡስ?» ያለው ጎረምሳ ሁለት እጁን አወጣ፣ አንዱን አስወረዱት። ነስሪን አያቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ልክ እንደ ሳቋ፣ መቆሚያ የለውም።

መኪና ውስጥ አባዬን ቀስ ብዬ፣ «ሊስቁብህ እኮ ነበር የመጡት» አልኩት።

«ለመሳቅ የመጣም ሰው እጅ አለው» አለኝ።

ይህን የሚል ሰው ቤታችን ውስጥ እንደነበረ ማን ነገረኝ?

ሚያዝያ 7

የአቶ ኃይለየሱስ ስጦታ ደረሰ። አባዬ ከዞን ወደ ቦርደዴ ተዛውሯል። «ለዕቅዱ ስኬት በቅርበት እንዲከታተል።» እንዴት ያለ አሳቢ አለቃ ነው! ከቢሮ ወደ ግራር ጥላ፣ ከደጋ ወደ ምድጃ።

እማዬ ቀኑን ሙሉ ድስት ታንኳኳ ነበር። ከሰዓት ግን ስስ ሸሚዞቹን አውጥታ ስታጥፍ አገኘኋት።

«ዝም ብለሽ ትሸኚዋለሽ?» አልኳት።

«ባል አግብቼ የኖርኩት ከእንግዳ ሰው ጋር ኖሯል። ትንሽ ልወቀው እንጂ።»

ሚያዝያ 17፣ ሐሙስ

እዚህ ጭሮ ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡን አወረደው። ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የሚወረውሩ ነው የሚመስለው። ይህ ሁሉ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ቁልቁል። ወደነሱ።

ከሰዓት ነስሪን ክፍል ውስጥ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቆመች። መምህሩም ጠመኔውን አስቀመጠ። «ማል ታኤ? አካኮ፣ ማል ታኤ?» ምን ሆነ፣ አያቴ፣ ምን ሆነ።

ከዚያ ነገረችን። የላይኛው መታጠፊያ፣ አብዱላሂ ዛፉን ያነሣበት፣ ተጠርጎ ሄዷል። አንድ መኪናው አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል፤ ሹፌሩ ደህና ነው። ከታች ግን ጎርፉ ዛፎቹ መሃል ሲገባ ጉልበቱ ላላ። ግንድ፣ ጎማ፣ የበር ቁራጭ ሁሉ እዚያው ተይዞ ቀረ። የኦቦ ሐሰን ግቢ ውሃ ገብቷል። ሁለት ቀፎ ሄዷል። ቤቱ ቆሟል።

«አባትሽም እዚያ ነው» አለችኝ። «ከአያቴ ጋር ፍየል ጣራ ላይ ሲያወጣ ነበር አሉ።»

ደወልኩለት። «ደህና ነኝ» አለ። ከኋላው ፍየል ይጮሃል። ሌላ ነገር ሊጠየቅ ይገባ ነበር፣ እኔ ግን፣ «በላህ?» ብቻ አልኩት።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

ቦርደዴ ነበርኩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ነስሪን «ለአባትሽ ነው ወይስ ለፍየል ወተት?» ትላለች። ለሁለቱም።

አባዬ የተከለለውን ቦታ ወሰን ለማሳየት ዛፎቹ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ ነበር። በፍየል አፍ ልክ። በሳምንቱ አንድም አልቀረም። ዛሬ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ጠበቁት።

«ደጀን፣ ፍየሎቹ ወሰኑን በሉት።»

«የኔዋ ጨርቁ ቀንዷ ላይ ቀርቷል። ልዳራት ነው?»

«ተማረ የሚሉት ይሄን ነው? ፍየል አታውቅም እንዴ?»

ዱላቸውን እየመቱ ሳቁ። አባዬም አብሮ ሳቀ፣ ጭራሽ ደስ ብሎት። እኔ ግን አልቻልኩም።

«እናንተስ!» ብዬ ጮህኩ። «ቦታው ይከለል ብላችሁ እጅ ያወጣችሁት እናንተ፣ ፍየላችሁን ማሰር ያቃታችሁ እናንተ! እሱ ከጭሮ ወርዶ በዚህ ሙቀት ጨርቅ ሲያስር የት ነበራችሁ? ጥላ ስር! አሁንም ጥላ ስር!»

ዱላዎቹ ቆሙ። ነስሪን እጄን ቆነጠጠችኝ። ወይኔ፣ አለቀልኝ አልኩ... በአባዬ ሲቀለድ የተናደድኩት እኔ ነኝ? እኔ?

ኦቦ ሐሰን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞሩ።

«ደጀን፣ ጨርቁን ተወው። ይቺን ልጅ ወንዙ ዳር ትከላት። መኪናም አያልፍም፣ ፍየልም አይበላትም።»

ሽማግሌዎቹ መሬት ላይ ሊወድቁ ደረሱ። አባዬ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ፣ ትከሻው ይዘላል።

የቀረውን ጨርቅ ነጠቅሁትና መሰላል አስያዝኳቸው። ሽማግሌዎቹን። እየተነጫነጩ ያዙ። ከፍ፣ በጣም ከፍ አድርጌ አሰርኩት። ፍየሎቹ ከስር ቆመው አንጋጠው ያዩኝ ነበር።